ያልተቋረጠው ቅጂ

ወጌሻው የሞተው ተኝቶ ነው። ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻው ስቦ፣ ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ በተዘረጋችው ጠባብ አልጋ ላይ በጎኑ ተጋድሟል። ፊቱ ላይ ሕመም አይታይም፤ ድንጋጤም የለም። እንዲያውም ጉንጩ ቀላ ብሎ፣ አሁን ብድግ ብሎ «ስንት ሰዓት ሆነ?» የሚል ነው የሚመስለው። ከራስጌው፣ ጠረጴዛው ላይ፣ አንድ የታመመ ሃርድ ዲስክ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። አጠገቡ ባለው ስክሪን ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር እንደ ቀንድ አውጣ ትሳባለች።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አየችና ከንፈሯን መጠጠች። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «መርፌ» ነው የሚሏት። ከኋላዋ ነው ታዲያ፤ ከፊቷ ማን ደፍሮ! ቀጭን ናት፣ ትዕግሥቷም ቀጭን ነው፤ ግን አንድ ነገር ውስጥ ከገባች በሌላኛው ወገን ሳትወጣ አትመለስም።

ሟቹን ወጌሻ ያሰኘው ሥራው ነው። ሌላው ወጌሻ የተሰበረ እጅ ያሻል፤ እሱ የተሰበረ ዲስክ ያሽ ነበር። ወድቆ የተጋጨ፣ ውሃ የገባበት፣ «በቃ አለቀለት» የተባለ ዲስክ ሁሉ መጨረሻው እዚህ ቤት ነው። ከባልደረባው ጋር የሠሩት፣ ከተጎዳ ዲስክ ላይ የጠፋ ፋይል ለቅሞ የሚያወጣ ፕሮግራም አላቸው። ዲስኩ ሊሞት ሲያጣጥር መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ወደ ጤነኛ ዲስክ ይገለብጡታል፤ ቅጂ ማውጣት የሚሉት ይህንን ነው። ቅጂው ቀናት ይፈጃል። ወጌሻውም እንደ አስታማሚ እዚያው አጠገቡ ይበላል፣ ከምሳ በኋላ እዚያው ጋደም ይላል። ይህን ልማዱን የማያውቅ የቤቱ ሰው የለም።

ክፍሉ መስኮት የለውም። የበሩ ዙሪያ አቧራ እንዳያስገባ ወፍራም ስፖንጅ ተለጥፎበታል። አየር የሚገባው በጓሮው ግድግዳ ላይ በተተከለች ፋን ነው፤ ፋኗ ከውጭ ትስባለች፣ ማጣሪያው አቧራውን ያስቀራል። ጭስ ግን አያስቀርም። ጓሮ ስትወጣ መርማሪዋ ያየችው ጄኔሬተር ደግሞ ጭስ መትፊያውን በቀጥታ ወደ ፋኗ አፍ አዙሮ ቆሟል።

ኮሪደሩ ወለል ላይ አንዲት ልጅ እግር ሴት ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

«እኔ ነኝ የገደልኩት፣ እትዬ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

የሟቹ የእህቱ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። በሱቁ ደንበኛ ትቀበላለች፣ ስልክ ታነሳለች፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ታስነሳለች።

«ምን አድርገሽ ነው የገደልሽው?»

«‹መብራት!› ሲል ሰማሁ። እዚህ ቤት መብራት ሲጠፋ ውስጥ ያለው ሰው እንደዚያ ብሎ ይጮኻል፤ እኔ ሮጬ ሞተሩን አስነሳለሁ። ሮጥኩ። ገመዱን ሳብኩ። ተመልሼ ቦታዬ ቁጭ አልኩ። ጭሱን ሁሌ ወደ ግቢው በር ነው የሚተፋው፤ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም። ሻይ ይዤለት ስገባ…»

በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታሉ የታወቀውን አረጋገጠ፤ የገደለው ጭሱ ነው። የመርማሪዋ አለቃም ወዲያው ደወለ።

«ልጅቷ በራሷ አንደበት አምናለች። ምን ትጠብቂያለሽ? በቸልተኝነት ሰው መግደል በዪና ወደ ፍርድ ቤት ላኪያት።»

«እስከ ማታ ስጠኝ።»

«እስከ ማታ ምን ሊመጣ?»

«አላውቅም።»

«እኔ ግን አውቃለሁ፤ ምንም አይመጣም!» ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተዘጋ።

ይህ ሳያንስ የሟቹ ታናሽ ወንድም ሱቁ በር ላይ ጠበቃት። ዐይኑ በልቅሶ አብጧል፣ ድምፁ ግን እንደ በርበሬ ያቃጥላል። «ቀብሩ ዛሬ አሥር ሰዓት ነው። ያቺ ልጅ እዚያ ዝር እንዳትል ንገሪልኝ። አሳድጎ አሳድጎ ለጭስ ዳረገችው። ዐይኗን ካየሁ እኔ ነኝ የምታሰረው።»

ልጅቷ ከጠረጴዛዋ ኋላ ሆና ሰማችው። አንገቷን ብቻ ደፋች፤ ፍርዱ ልክ ነው እንደሚል ሰው። መርማሪዋን ከምንም በላይ ያበሳጫት ይህ ነው። የሚዋሽ ሰው ላይ ሥራዋን ታውቃለች፤ ራሱን የሚከስስ ንጹሕ ሰው ግን ጨጓራዋን ይልጠዋል። ንጹሕ መሆኗን ደግሞ በምን ታውቃለች? በብርድ ልብሱ። ከትናንት ጀምሮ ያቺ ብርድ ልብስ ከአእምሮዋ አልወጣም ብላለች።

ሌላው ነገር ሁሉ እጅ እግር የለውም። የጓሮው በር ቀን ቀን አይቆለፍም። ጄኔሬተሩ ጎማ አለው፤ ልጅም ያዞረዋል። የቤቱ ሰው ሁሉ ስለነካው አሻራ ብሎ ነገር ዋጋ የለውም። ኮሪደሩ ላይ ካሜራ ተሰቅሏል። ደስ ብሏት ልታስከፍተው ስትል ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀች።

«መቅጃ ዲስኩ ከተበላሸ ቆይቷል፣ እትዬ።»

«በዲስክ ወጌሻ ቤት?»

«‹ነገ አየዋለሁ› እያለ ነው። የሰው ሲበዛበት የራሱን አያይም።»

«ኤዲያ!» አለች መርማሪዋ።

የመጀመሪያዋ ምስክር አንዲት መምህርት ናት። መስማት ለተሳናቸው ልጆች የምታስተምር፣ ደልደል ያለች ሴት ስትሆን፣ ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚለው ዲስክ የእሷ ነው። ለዓመታት ከተማሪዎቿ ጋር የቀረጸችው የምልክት ቋንቋ ቪዲዮ ሁሉ እዚያ ላይ አለ፤ ደረጃ ላይ ከእጇ አምልጦ ወደቀባት። በአደጋው ሰዓት እንግዳ መቀበያው ውስጥ ከልጅቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር።

«ጩኸቱን ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። ልጅቷ ጠረጴዛውን ገጭታ እየሮጠች ወጣች። ዲስኬስ ግን?»

«እየተገለበጠ ነው። የጮኸው ድምፅ የሟቹ ነበር?»

«እንጃ እህቴ፣ እኔ ውሎዬ ከእጅ ጋር ነው፤ ድምፅ ላይ ሰነፍ ነኝ። የወንድ ነው። ከኮሪደሩ በኩል። የተናደደ ወንድ።»

«እናንተ ያላችሁበት ክፍል መብራት መጥፋቱን አይታችኋል?»

«በጠራራ ፀሐይ አምፖል ማን ያበራል? የልጅቷም ላፕቶፕ በባትሪው ይሠራል። ጠፋ ሲባል ጠፋ ነው።» ልትሄድ ተነሥታም «ዲስኬን እንዳታጠፉብኝ አደራ» አለች።

ወንድምየው ሁለተኛ ተጠየቀ። ቤቱ የአባታቸው ነው። ለፋርማሲ እናከራየው ሲል፣ ወንድሙ እምቢ ሲል፣ ዓመት አልፏቸዋል። በአደጋው ሰዓት ከሱቁ ፊት ለፊት መኪናው ውስጥ ስልክ ሲያወራ እንደነበር ተናገረ። ያየው ሰው ግን የለም።

«ትጣሉ ነበር?»

«ወንድማማች አይጣላም? ባለፈው ሳምንት ምሳ እንብላ ብዬ ደጋግሜ ብጠራው አልሰማ አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ያለችውን የዚያን ክፍል ብሬከር ቀጭ አደረግኳት። ድርግም! እንደ እብድ ወጥቶ በጥፊ አጮለኝ። እኔን! በዚህ ዕድሜዬ! ለአንድ ብረት ብሎ!» ሊስቅ ጀመረና ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረበት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

መርማሪዋ እስኪረጋጋ ጠበቀችው። «ከሌላ ሰውስ ተጣልቶ ያውቃል?»

«ከባልደረባው ጋር ተኮራርፈዋል። አይነጋገሩም። ‹ይጽፍበታል! በታመመ ዲስክ ላይ ይጽፍበታል!› እያለ ሲጮኽ ሰምቻለሁ። ያኛው ደግሞ ‹ለዚች ብለህ የሦስት ዓመት ድካሜን ገደል ልትከትብኝ ነው?› ይላል። ምን እንደሆነ እንጃላቸው። ዲስክና ዲስክ ሲነካካ እኔ ጆሮዬ ይደፈናል።»

ባልደረባው ፎቅ ላይ ባለች ክፍል ነው የሚሠራው። ፕሮግራሙን የሚጽፈው እሱ፣ በታመመ ዲስክ ላይ የሚፈትነው ወጌሻው ነበር። ጠረጴዛው የተወለወለ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የለሰለሰ ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጣት።

«ልጅቷ ላይ አትፍረዱባት» አለ ገና ሳትጠይቀው። «አላወቀችም። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። መብራቱ ሲጠፋ ኮምፒውተሬ ድርግም አለ። ያላስቀመጥኩት ሥራ ነበረኝ፣ በጣም ተናደድኩ። ከዚያ በፊት በኩል ወጥቼ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ ነው ጉድ የሰማሁት።»

«የጎረቤት መብራት ግን እንዳልጠፋ ነው የነገሩኝ።»

«እሱ የተለመደ ነው። የእኛ መስመር ብቻውን ይሄዳል፣ ብቻውን ይመጣል። ስንት ጊዜ አመለከትን!»

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«የሥራ ክርክር ነው። አዲሱ ፕሮግራማችን ሊወጣ ተቃርቧል፤ እሱ ጥንቃቄ ያበዛል።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ቅጂው እየሄደ ነው አይደል?»

«እየሄደ ነው።»

«ጥሩ» አለ በረጅሙ ተንፍሶ። «ቢያንስ እሱ ጥሩ።»

መርማሪዋ ወርዳ ወደዚያች ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። ስክሪኑ ላይ «የቀረው ጊዜ» ከሚለው ጎን የተጻፈው ቁጥር ጠዋት ካየችው በልጧል። ወደፊት እየሄደ የሚቀረው የሚጨምር ሥራ! ልክ እንደ እሷ ምርመራ። ተናዳ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ከባድ የሚመስል ጥቁር ሣጥን በእግሯ ገፋ አደረገችው። ዩፒኤስ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ። ሣጥኑ ግን እንደ ባዶ ካርቶን ተንሸራቶ ግድግዳውን ገጨ።

ጎንበስ ብላ ክዳኑን ከፍታ አየችው። ተነሥታም ግድግዳው ላይ ያለውን ማዞሪያ አየችው። በአንድ ወገን «ቆጣሪ»፣ በሌላው ወገን «ጄኔሬተር» ይላል። እጀታው «ቆጣሪ» ላይ ነው።

ልጅቷን ጠራቻት።

«ይህን ማን ነው የሚያዞረው?»

«ውስጥ ያለው ሰው፣ እትዬ። እኔ ሞተሩን ብቻ አስነሳለሁ። ድምፁ ሲረጋ አጎቴ ራሱ ነው ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረው። ሌላ ሰው እንዲነካው አይወድም።»

«ቅጂው መሐል ላይ ቢቋረጥ ምን ይሆናል?»

«ይቆምና ‹ልቀጥል?› ብሎ ይጠይቃል። ሰው ካልመለሰለት ዓመት ቢሆን አይንቀሳቀስም። እሱም ዲስኩ ከተነሣ ነው። እንደዚህ የደከመ ዲስክ አንዴ ከጠፋ ላይነሣ ይችላል።»

«ትናንት የመለሰለት ሰው አለ?»

«የለም። ከ… ከዚያ በኋላ ማንም አልነካውም።»

«‹በታመመ ዲስክ ላይ ይጽፍበታል› ማለትስ?»

ልጅቷ ማስረዳት ስትጀምር ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፏ ጠንከር አለ። «የጠፋ ፋይል የሚገኘው ቦታው ላይ ሌላ ነገር እስካልተጻፈበት ድረስ ነው። ከተጻፈበት በቃ፣ ማንም አያመጣውም። ስለዚህ የሚያድን ፕሮግራም ከታመመው ላይ ማንበብ ብቻ ነው ያለበት፤ ምንም መጻፍ የለበትም። አዲሱ ግን እየሠራ የራሱን ማስታወሻ እዚያው ይጽፋል። አጎቴ ያገኘው ይህን ነው። ‹ሊያድን ገብቶ የሚገድል ፕሮግራም ለሰው አልሰጥም፤ ለደንበኞቹ ሁሉ እናገራለሁ› ይል ነበር።»

መርማሪዋ ግንባሯን በጣቷ መታ መታ አደረገች። ከዚያ መምህሯን ወደ ጎን ወስዳ በጆሮዋ አንድ ነገር አንሾካሸከችላት። መምህሯ ክው አለች፤ ቢሆንም ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ኮሪደሩ ላይ ሰበሰበቻቸው። ወንድምየው ለቀብር ጥቁር ለብሷል። ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ባልደረባው፣ ፕሮግራመሩ፣ ግድግዳ ተደግፏል። ልጅቷ ከሁሉም ራቅ ብላ ቆማለች።

«አላስቆያችሁም» አለች መርማሪዋ። «እኔም ከትናንት ጀምሮ አንጀቴ አርሯል። መጀመሪያ ብርድ ልብሱ። የሚያስታምመው ዲስክ መብራት የተቋረጠበት ወጌሻ ‹መብራት!› ብሎ ከጮኸ በኋላ ምን ያደርጋል? ጫማውን አውልቆ፣ ብርድ ልብስ ስቦ፣ ይተኛል?»

«እሱ?» አለ ወንድምየው ሳያስበው። «እሱ ለዚያ ብሎ በጥፊ የመታኝ ሰው ነው!»

«እንግዲያው አልጮኸም፤ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዱ ተኝቶ ነበር። ሁለተኛ፣ ማዞሪያው። መብራት የጠራ ሰው ሞተሩ ሲነሣ ተነሥቶ ያዞረዋል። አልዞረም። ስለዚህ የጮኸው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው በጓሮ ገብቶ ጄኔሬተሩን ወደ ፋኗ አዞረ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ‹መብራት!› አለ፣ ሹልክ ብሎ ሄደ። የቀረውን ይህች ልጅ በታማኝነቷ ጨረሰችለት።»

ልጅቷ ቀና አለች። አልገባትም፤ ወይም እንዲገባት ፈርታለች።

«ቆይ፣ እሱ እንቅልፍ ቢጥለውስ?» አለ ፕሮግራመሩ በለስላሳ ድምፁ። «ጠርቶ፣ ደክሞት፣ ጋደም ብሎ ቢሆንስ? መብራት እኮ በእርግጥ ጠፍቷል።»

«ጠፍቷል?»

«አልኩዎት እኮ፤ ኮምፒውተሬ ጠፋ።»

«ቅጂው ግን ለአፍታ አልቆመም። ከቆመ ‹ልቀጥል?› ብሎ ይጠብቃል። እስካሁን እየሄደ ነው።»

«ዩፒኤስ አለዋ!» አለ ፈገግ ብሎ። «የተገዛው ለዚሁ ነው።»

መርማሪዋ ልጅቷን በዐይኗ ጠራቻት። «ንገሪው።»

«ባትሪው የለም» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ባለፈው ሳምንት አጎቴ ብሬከሩ ሲጠፋበት ኮምፒውተሩም አብሮ ጠፋ። ከፍቶ ሲያየው ባትሪው አብጧል። አወጣው። አዲሱ ገና አልመጣም።»

ከውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ የሚለው ብቻ ይሰማል።

«እናንተ ስለተኮራረፋችሁ እርስዎ አልሰሙም» አለች መርማሪዋ። «ያለ ባትሪ ቅጂው ከቀጠለ መብራት ፈጽሞ አልጠፋም። ቤቱ በሞላ በአንድ ቆጣሪ ነው። ጠፋ ሲባል የሰማ አለ፤ በገዛ ዐይኔ ሲጠፋ አየሁ ያለኝ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ተሳስቼ ይሆናል» አለ። «ምናልባት የእኔ ኮምፒውተር ብቻውን…»

«ይሁንልዎት። አሁን እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ወደ ሦስተኛው ልምጣ።» ግድግዳው ላይ ወዳለው ብሬከር ሄዳ ጣቷን አሳረፈችበት። «ይህ ሰው ማታለሉን ፍጹም ማድረግ ይችል ነበር። ወደ ኮሪደሩ ሲገባ ይችን ለአፍታ ቀጭ አድርጎ ቢመልሳት በእርግጥ ይጨልም ነበር፤ ቅጂው ይቆም ነበር፤ እኔም ዛሬ ጠዋት ፋይሉን ዘግቼ ቤቴ እተኛ ነበር። መንገዱ ላይ ናት። ለምን አልነካትም? እስቲ እንሞክራት።» ጣቷን ጫን አደረገች።

ወንድምየው ትከሻውን ሰበቀ። መምህሯ አፏን በሁለት እጇ አፍና ዐይኗን ጨፈነች። ልጅቷ «ይጥፋ» አለች፣ «አሁን ምን ያደርግልኛል።»

«ተዪ!» 

ፕሮግራመሩ ኮሪደሩን በሁለት ዝላይ አቋርጦ የመርማሪዋን ክንድ ጨምድዶ ያዘ። የተተኮሰው ሸሚዝ ከሱሪው ወጥቷል፤ የለሰለሰው ድምፅ ተሰነጣጥቋል። «እብድ ነሽ እንዴ? የሚሄድ ቅጂ አይቋረጥም! አንዴ ከጠፋ አይነሣም!»

መርማሪዋ እጁን አየችው፤ ከዚያ እሱን። እሱም የሌሎቹን ዐይን ተከትሎ የገዛ እጁን አየና ቀስ ብሎ ለቀቃት።

«ይኸው» አለች። ‹እርስዎ›ው እዚያው ላይ ቀረ። «ይህ ወንድም ተናዶ አጥፍቶት ያውቃል፤ ቢፈልግ ዳግመኛ ያጠፋው ነበር። መምህሯና ልጅቷ ጩኸቱ ሲሰማ ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። መምህሯን ስለ ዲስኳ ብዬ አስቀድሜ ነግሬአታለሁ፤ እንደማልጫነው ታውቅ ነበር። አንተ ግን ጓደኛህ ላይ ጭስ ስትለቅ አላመነታህም፤ እዚች ብሬከር ጋ ስትደርስ ግን፣ ዩፒኤስ አለው ብለህ እያመንክ እንኳ፣ አልቻልክም። ሰው ከመግደል ቅጂ ማቋረጥ ከበደህ!»

ፕሮግራመሩ ሲናገር ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው ነው።

«ሦስት ዓመት» አለ። «የሚጽፈው ኢምንት ነገር ነው። ከሺህ ዲስክ አንዱ ላይ ቢጎዳ ነው። እሱ ግን ይናገራል። ለሁሉም ይናገራል። ማን ዳግመኛ ያምነኛል?» ወደ ተዘጋው በር ቀና አለ። «በዚያ ላይ ይኸው እየሠራ ነው። ሰው የተወውን ዲስክ ይዞ እየሄደ ነው። ይጨርስ ብዬ ነው የተውኩት። ሲያልቅ ፕሮግራሜ ምን እንደሚችል ሁላችሁም ታያላችሁ።»

«ፕሮግራምህ?» አለች ልጅቷ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

«እዚያ ላይ ያለው አሮጌው ነው። አጎቴ አዲስህን የመምህሯ ዲስክ አጠገብ አላስደረሰውም። ገብተህ ስክሪኑን ብታይ ታውቀው ነበር። እሱ ተኝቶ ሳለ አንዴ በሩን ከፍተህ ብታየው!» ድምፏ ጣራውን ነካ። «አልገባህም! ፊቱን ማየት ፈርተህ በፋን ገደልከው!»

ፕሮግራመሩ ግድግዳውን ይዞ ተቀመጠ። ውጭ ይጠብቁ የነበሩት ሁለት ፖሊሶች ገብተው ሲያነሡት አልታገላቸውም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ተዘጋው በር ዞር አለ።

የመርማሪዋ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው። «ምነው፣ መጣልሽ?» አለ በፌዝ። «መጣ» ብላ ዘጋችበት። ለፍርድ ቤት ምን ያህል ይበቃል የሚለው የዐቃቤ ሕግ ራስ ምታት ነው፤ የእሷ ራስ ምታት ይበቃታል። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስ አላላትም። ለአንድ የፕሮግራም ስም ሲባል እንደዚያ ያለ ሰው መሞቱ አሁንም ደሟን ያፈላዋል።

ልጅቷ አጠገቧ መጥታ ቆመች።

«ገመዱን የሳብኩት ግን እኔው ነኝ፣ እትዬ።»

እውነት ነው፣ የሳበችው እሷ ናት። ይህን የሚያጥብ ቃል ከየት ይመጣል? መርማሪዋ በራሷ ተናደደች።

«አዎ፣ አንቺ ነሽ» አለቻት በመጨረሻ። «የሮጥሽው የጠራሽ መስሎሽ ነው። እሱ ግን አልጠራሽም።»

«ጭሱ ሲገባበትስ? እየጠራኝ ሳልሰማው ቀርቼ አይደለም?»

«አይደለም፣ ልጄ። ሐኪሞቹን ጠይቄአቸዋለሁ። ከእንቅልፉ አልነቃም። አልጠራሽም።»

ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር። አሁን ግን ፊቷ ተሰበረና መምህሯ ትከሻ ላይ ወድቃ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። መምህሯም አብራ እያለቀሰች ጀርባዋን በእጇ መታ መታ ታደርጋት ነበር።

ወንድምየው የመኪና ቁልፉን እያገላበጠ ቆሟል። ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ድረስ መጥቶ ተመለሰበት። መርማሪዋን ‹አንቺ ንገሪልኝ› በሚል ዐይን ተመለከታት፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። የራሱን ነገር ራሱ ይወጣው።

«ሰዓቱ እየደረሰ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «አጎትሽን እኔ ብቻዬን አልቀብረውም። ፊትሽን ታጠቢና ነይ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። «እዚያ ያሉት ሰዎችስ? ምን ይሉኛል?»

«ከእኔ ጋር ነው የምትቆሚው። የሚል ካለ እኔን ይበለኝ።»

ፊቷን ታጥባ ወጣች። የመኪናውን የኋላ በር ልትከፍት ስትል እጇን ይዞ የፊተኛውን ከፈተላት። ገብታ በሩን እስክትዘጋ ጠብቆ ሞተሩን አስነሳ።